ሐረጉና ከሐረጉ የቀሩት፦ «የጎጃም ትውልድ በሙሉ» እንደ ሥነ ጽሑፍና እንደ ሰነድ

የትውልድ መጽሐፍ በኢትዮጵያ የጽሑፍ ቅርስ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘ ቢሆንም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሲገመገም ብዙ ጊዜ አይታይም። ቅኔው ይፈታል፤ ገድሉ ይተረጎማል፤ ዜና መዋዕሉ ለታሪክ ምንጭነት ይጠቀሳል። «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ የሚወርደው የስም ዝርዝር ግን ወይ የመኳንንት መመኪያ፣ ወይ የርስት ሙግት ማስረጃ ተብሎ ወደ ጎን ይተዋል። ሁለቱም ስያሜዎች እውነትነት አላቸው። ሆኖም ዝርዝሩ የተጻፈበትን ዓላማ መጥቀስ ብቻውን ስለ ዝርዝሩ የተሟላ ፍርድ አይሆንም። ማንን እንዳስገባ ማንንስ እንዳስቀረ፣ ስሙን በምን ዓይነት ቃል እንደያዘ፣ ለዛሬ አንባቢ ምን እንደሚሰጥ መጠየቅ የሐያሲ ተግባር ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ከጻፉት «የጎጃም ትውልድ በሙሉ፦ ከዓባይ እስከ ዓባይ» የተሻለ መነሻ ማግኘት ያስቸግራል። ሥራው በእጅ ጽሑፍ ቅጂ ለረጅም ዘመን ከቆየ በኋላ በግርማ ጌታሁን አርታኢነት በ2003 ዓ.ም. ታትሞ ለአንባቢ ቀርቧል። የዚሁ ደራሲ የታሪክ ሥራም በአማርኛ ከመታተሙ ሌላ፣ በግርማ ጌታሁን አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪታንያ አካዳሚ ተከታታይ የአፍሪካ ታሪክ ምንጮች ውስጥ ወጥቷል። ስለዚህ ሥራዎቹ ከጥቂት ባለቅጂዎች እጅ ወጥተው የመምህሩም፣ የተማሪውም፣ የከያኒውም ንብረት ሆነዋል። ንብረት የሆነ ነገር ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።

የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ትርጉም አለው። ዓባይ ከሰከላ ግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ በጣና በኩል አልፎ፣ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ ቀለበት ይከባል። «ከዓባይ እስከ ዓባይ» ማለት በዚህ ቀለበት ውስጥ ያለውን ሕዝብ ሁሉ ማለት ነው። «በሙሉ» የሚለው ቃል ታላቅ ተስፋ የሰጠ፣ በዚያው ልክ ታላቅ ዕዳ የተሸከመ ቃል ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ በዚህ ቃል ዙሪያ ይሽከረከራል። ጎጃም በሙሉ ተቆጥሯልን? በሙሉስ ሊቆጠር ይችል ነበርን?

የደራሲውን ሕይወት ሳያዩ ወደ ሥራው መግባት አይቻልም፤ ምክንያቱም የሥራው ትልቁ ተቃርኖ በሕይወታቸው ውስጥ ተቀምጧል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው በዘመቻ ተይዘው ወደ ጎጃም የመጡ፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በተባሉት በራስ አዳል ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ዘመኑ የጎጃምና የሸዋ መኳንንት በዓባይ ደቡብ ባለው ለም አገር ላይ የተሻሙበት ዘመን ነበር። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሠ ጎጃም ወከፋ ተብለው ሲነግሡ የማዕረጉ ስም ራሱ ወንዙን የተሻገረ ምኞት ይናገር ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ድል እስከሆኑ ድረስ ወደ ሆሮና ጉድሩ የሚደረገው ዘመቻ ከብት፣ እህልና ሰው ይዞ የሚመለስ ዘመቻ ነበር። ልጁ በዚያ ወጀብ ተነቅሎ መጣ። አድጎም ፊደል ቆጠረ፤ ሥዕል ተማረ፤ ሠዓሊና ታሪክ ጸሐፊ ሆነ። ከዚያም ተቀምጦ የጎጃምን ሰው ሁሉ አባት ከአያት፣ አያት ከቅድመ አያት እያያያዘ ጻፈ።

ከገዛ ሐረጉ የተቆረጠ ልጅ ለሌላው ሁሉ ሐረግ መዘዘ። ይህን ነገር እንደ አጋጣሚ ቆጥሮ ማለፍ ታላቅ ስሕተት ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሚታየው የደራሲው ስም ሁለት ዓለም ይዟል። «ተክለ ኢየሱስ» የጥምቀት ስም፣ የጎጃም ካህን ያወጣው የግዕዝ ስም ነው። «ዋቅጅራ» ግን በኦሮምኛ «አምላክ አለ» የሚል ትርጉም ያለው የአባት ስም ነው። በዘመኑ የተማረከ ልጅ የአባቱ ስም እንዲጠፋ የሚጋብዘው ነገር ብዙ ነበር፤ ይህ ግን አልጠፋም። የጎጃም ትውልድ የሚቆጠርበት መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት፣ በደራሲው ስም ላይ፣ ከዓባይ ማዶ የመጣ አንድ አባት ይጠራል።

ወደ ቅርጹ እንመለስ። የትውልድ መጽሐፍ ጽሕፈት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወረሰው ሥርዓት አለው። ከመጽሐፍ ቅዱስ የልደት ሐረግ ይጀምራል፤ በነገሥታቱ ሐረግ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ በአንድ አገር ወደ ሰፈረ አቅኚ አባት ይደርሳል። ከአቅኚው በታች ልጆቹ ይዘረዘራሉ፤ ከልጆቹም የሚከፈሉት ቅርንጫፎች እንደየአገራቸው ይበተናሉ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሰውየው ከሥጋ ለባሽ ይልቅ የአፈ ታሪክ ጀግና ይሆናል፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ደግሞ ጎረቤት የሚያውቀው፣ የማሳው ድንበር የሚጠቀስለት ሰው ይሆናል። የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ችሎታ የሚታየው በዚህ መካከለኛ ስፍራ፣ አፈ ታሪክ ከሰፈር ወሬ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ቋንቋቸው አማርኛ ነው፤ የአገሬው አነጋገር የሚሰማበት አጭርና ቆፍጣና አማርኛ ነው። የስም ተራው ለጆሮ የተሠራ ምት አለው፤ በጉባኤ ቆሞ ለሚቆጥር፣ ለሚሟገትና ለሚያስታውስ ሰው የተመቸ ምት ነው።

ምቱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ከቃሉ በታች ያለውን የመሬት ሕግ ማየት ግድ ይሆናል። በጎጃም ገበሬ ዘንድ ሐረግ መቁጠር የምሽት ጨዋታ አልነበረም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ብሂል የሙግት ደንብ ነበር። አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአንድ አቅኚ አባት መወለዱን ካስረዳ፣ ቤተሰቡ ያንን መሬት ለብዙ ትውልድ ሳያርስ ቢቆይ እንኳ ድርሻውን የመጠየቅ መብት ነበረው። ስለዚህ ስም መርሳት መሬት ማጣት ነበር። በጋብቻም በኩል ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሙሽራ አይታጭም ነበር። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዝላት እያሉ መውጣት የኑሮ ሒሳብ ነበር።

ይህን ሥርዓት በቅርብ ካጠኑት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን ናቸው። ሆበን ጥናታቸውን ያካሄዱት ከፍኖተ ሰላም ብዙ በማይርቀው በደጋ ዳሞት ሲሆን፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመዋል። የመጽሐፉ ዋና ፍሬ ሐሳብ በሁለት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ ሐረጉ በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር እያንዳንዱ ገበሬ በብዙ ዋና አባቶች መሬት ላይ የመጠየቅ መብት አለው፤ መብቱን ሁሉ ግን በሥራ ላይ ሊያውል አይችልም። ሁለተኛ፣ የትኛው መብት ከወረቀትና ከአፍ ወጥቶ ማሳ እንደሚሆን የሚወስነው የደሙ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የተሟጋቹ ጉልበት፣ ዘመድ፣ ሹመትና የመናገር ችሎታም ጭምር ነው። በሌላ አነጋገር ባለ ብዙ ሐረግ ሁሉ ባለ ብዙ መሬት አልነበረም፤ ባለ ሥልጣኑ ግን ለሥልጣኑ የሚመጥን ሐረግ አያጣም ነበር።

ይህ ትንታኔ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ የሚሰጠው ትምህርት ከፍ ያለ ነው። የትውልድ ዝርዝር ያለፈውን እንዳለ የሚያሳይ መስተዋት አይደለም፤ የተሟጋቾች መድረክ ነው። አንድ ስም በዝርዝሩ ውስጥ የቆመው አንድ ሰው ስለ ወለደው ብቻ ሳይሆን፣ ስሙን ጠርቶ የሚከራከር ተወላጅ ስለ ነበረው ነው። ተከራካሪ ያጣ ስም ይወድቃል። እዚህ ላይ የሆበን ጥናት ወሰኑ ይታያል። ጥናቱ በጉባኤው ፊት የቆሙት ለምን እንዳሸነፉና ለምን እንደተሸነፉ በሚገባ ያስረዳል፤ ትኩረቱ ባለ ርስት ስለሆነው ገበሬ በመሆኑ ግን ከጉባኤው በር ያልደረሱት ከጥላው ሥር ይቀራሉ።

እነማን ነበሩ? ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። ማረሻው በእጃቸው ተሠርቶ፣ ጋቢው በእጃቸው ተሸምኖ፣ በብዙ ስፍራ ርስት አልነበራቸውም። በእነሱ ላይ የተለጠፈው «ቡዳ» የሚል ስም ከሐረግ መቁጠሪያው ውጭ የሚያውል የኅብረተሰብ ፍርድ ነበር። በብዙ ስፍራ እስላሙ ነጋዴና ሸማኔም እንዲሁ በሌላው መሬት ላይ ጥገኛ ነበር። ከሁሉም በታች ባሪያው ነበር። ባሪያ አባት የለውም ይባል ነበር፤ ጌታ እንጂ። በጎጃም ደቡብ በባሶ የነበረው ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ በሚመጣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሰው የታወቀ ነበር። ከእናርያና ከከፋ የተነሣው ሲራራ ዓባይን ተሻግሮ በባሶ አድርጎ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ሲወጣ፣ ከፊሉ ሰው በመንገድ ላይ በየቤቱ ይቀር ነበር።

ከቡሬ አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚጠጋው በወንበርማ፣ በሽንዲ ዙሪያ የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ ሩቅ ሊለው አይችልም። ከሸለቆው ማዶ የሆሮ ጉድሩ ደጋ አለ። ወንዙ ለዘማች ጦር መሻገሪያ፣ ለሸሸ ሰው መደበቂያ፣ ለነጋዴ መንገድ፣ ለተማረከ ሕፃን ግን የሁለት ሕይወት ድንበር ነበር። ወንዙን ብዙ ሕዝብ በሁለቱም አቅጣጫ ተሻግሮታል። ዳሞት የሚባለው ስም ራሱ ጥንት ከዓባይ በስተ ደቡብ የነበረ አገር ስም ሲሆን፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው የሕዝብ እንቅስቃሴ ከሰዎቹ ጋር ተሻግሮ በጎጃም ላይ ሰፍሯል። ጋፋትም እንዲሁ። የጋፋት ቋንቋ ቀስ በቀስ በአማርኛ ተውጦ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቮልፍ ሌስላው ሊያጠኑት ሲመጡ የሚናገሩት ሰዎች ተፈልገው የተገኙት አራት ብቻ ነበሩ። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጋፋትኛ ያስተረጎመው መኃልየ መኃልይ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ቋንቋው አፍ አጥቶ በወረቀት ቀረ፤ ሰዎቹ ግን አልጠፉም። በጎጃም ሐረግ ውስጥ ገብተው ርስት ቆጥረዋል።

ከሐረግ የጎደሉ ሰዎችን እንዴት መፈለግ እንደሚቻል የሌላ አገር ልምድ ማየት ይጠቅማል። በካሪቢያን ደሴቶች፣ በጃማይካ፣ በባርቤዶስና በትሪኒዳድ፣ ቅድመ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው የሚያጋጥመው መዝገብ በጌታው እጅ የተጻፈ ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ከ1810ዎቹ ጀምሮ የባሪያ መዝገብ እንዲያዝ አዘዙ። የጃማይካ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1817 ሲጀመር የእያንዳንዱን ባሪያ ስም፣ ዕድሜ፣ የቆዳ ቀለም፣ በአፍሪካ ወይም በደሴቲቱ መወለዱን ያሰፍር ነበር። ስሙ ብዙ ጊዜ ነጠላ ስም ነው፤ የእናት ስም አንዳንድ ጊዜ ይጠቀሳል፤ የአባት ስም የለም። ከሌላው ወገን የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ባሪያው ሲጠመቅ የተሰጠውን አዲስ ስም ይይዛል። የጌታው ኑዛዜ ሰውን ከድስቱና ከበሬው ጋር እያወረሰ ስም ይጠራል፤ አልፎ አልፎም አንዲትን ሴትና ልጆቿን ነፃ ያወጣል። ጋዜጣው ደግሞ ስለ ሸሸ ባሪያ በሚያወጣው ማስታወቂያ ቁመቱን፣ ጠባሳውን፣ የሚናገረውን ቋንቋ ይገልጻል። ባርነት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1834 በሕግ ሲቀር የእንግሊዝ መንግሥት 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ካሣው የተከፈለው ለባሪያዎቹ አልነበረም፤ ለጌቶቹ ነበር። የካሣውም መዝገብ ዛሬ ለተወላጆቹ ፍለጋ አንዱ ምንጭ ሆኗል።

የዚህ ልምድ ትምህርት ግልጽ ነው። የጨቋኙ መዝገብ ጨቋኙ ባላሰበው መንገድ ሊነበብ ይችላል። ለንብረት ቆጠራ የተጻፈው ቃል ለሰው ፍለጋ ይውላል። በዚህ ረገድ በቶባጎ የተወለደችው ገጣሚ ማርሊን ኑርቤሴ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችው «ዞንግ!» የተሰኘ የግጥም መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ከያንያን ሊታወቅ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1781 ዞንግ ከተባለች የባሪያ መርከብ ከ130 በላይ አፍሪካውያን በሕይወታቸው ወደ ባሕር ተወረወሩ፤ ባለ መርከቦቹም ስለ «ጠፋው ዕቃ» የኢንሹራንስ ገንዘብ ጠየቁ። ገጣሚዋ መጽሐፏን የሠራችው ከዚያ ክስ የፍርድ ቤት ዘገባ ቃላት ነው። ቃላቱን ሰባብራ፣ በትናና መልሳ ደርድራ፣ ዘገባው ስማቸውን ላልመዘገበው ሰዎች በገጹ ግርጌ ስም አኖረች። የመጽሐፉን የአጻጻፍ ስልት መቅዳት አያስፈልግም፤ ጥያቄውን መውሰድ ግን ያስፈልጋል፤ ሰነድ ዝም ባለበት ስፍራ ኪነ ጥበብ ምን ትላለች?

ጥያቄው ለኢትዮጵያ የውጭ አገር ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 «ኦስፕሬይ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ያዘች። ነፃ ከወጡት መካከል ከኢትዮጵያ ደቡብና ምዕራብ የተወሰዱ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። በኤደን አጠገብ ባለ ሚስዮን ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1890 64ቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። የሚስዮኑ ሰዎች ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀው የአገራቸውን፣ የወላጆቻቸውን፣ የአያያዛቸውንና የመንገዳቸውን ነገር ጽፈው ነበር። ሳንድራ ሮዎልት ሼል እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት በእነዚህ ቃለ ምልልሶች ላይ የተመሠረተ ነው። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። በሮበን ደሴት የታሰረው፣ በኋላም በቋንቋና በትምህርት ፖሊሲ የታወቀው የደቡብ አፍሪካ ምሁርና ታጋይ ኔቪል አሌክሳንደር (1936–2012 እ.ኤ.አ.) የልጅ ልጇ ነው።

ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ማኖር ተገቢ ነው። ሁለቱም ከኦሮሞ ቤት፣ ሁለቱም በሕፃንነት የተነጠቁ ናቸው። አንዷ በባሕር ተሻግራ በሚስዮን መዝገብ ተጻፈች፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ራሱ መዝገብ ጸሐፊ ሆነ። የመጀመሪያዋ የሌላ ሰው ብዕር ስለ ጠየቃት የአባቷን ስም ተናገረች። ሁለተኛው ብዕሩን ከያዘ በኋላ የጻፈው የተቀበለውን አገር ሐረግ ነበር። ሆኖም በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ልጆች ጠያቂም ብዕርም አላገኙም። የ1916ቱ አዋጅ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበትን ሥርዓት ደነገገ፤ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባርነትን በሕግ አስቀረ። ነፃ የወጣው ሰው ግን ሐረግ አልተሰጠውም። ርስት በሐረግ በሚቆጠርበት አገር ነፃነት ያለ ሐረግ ማለት ነፃነት ያለ መሬት ነበር።

ታዲያ የጎጃም ሐረግ ፈላጊ ምን ምን ምንጭ አለው? ከትውልድ መጽሐፍ ሌላ የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ወንጌልና ሌሎች መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ውርስና ኑዛዜ ከነምስክሮቹ ይጻፍ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በልዕልት ወለተ እስራኤል የተተከለውን ሞጣ ጊዮርጊስን የመሰሉ ደብሮች የዚህ ልማድ አካል ናቸው። ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የሚናገር ጥናት በእንዲህ ዓይነት የኅዳግ ጽሑፎች ላይ የቆመ ነው። ከጥናታቸው ጎልቶ የሚወጣው አንዱ ነገር ሴቶች በስማቸው መሬት ይይዙ፣ ያወርሱ፣ ይሟገቱም እንደ ነበር ነው። የትውልድ መጽሐፍ አባትን አስቀድሞ እናትን በቅንፍ ሲያስቀምጥ፣ የኅዳጉ ጽሑፍ እናትን ባለ ጉዳይ አድርጎ ያቆማል። ሐረጉ በእናትም እንደሚቆጠር ካሰቡት፣ የእናቶች ስም መሳሳት የጸሐፊዎቹ ልማድ እንጂ የሕጉ ግዴታ እንዳልነበረ ይታያል።

ሁለተኛው ምንጭ ኑዛዜ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜም፣ ባሪያን ነፃ ስለ ማውጣትም ደንብ አለው። ሟች በነፍስ አባቱ ፊት ሲናዘዝ ርስቱን ለልጆቹ፣ ጥሪቱን ለተዝካሩ ከመደበ በኋላ «ለነፍሴ» ብሎ ባሪያውን ነፃ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። በዚያች አንዲት መስመር ላይ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ፣ ከትውልድ መጽሐፍ የቀረ ሰው ስሙ ይጠራል። የጃማይካ ኑዛዜና የጎጃም ኑዛዜ በዚህ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ባሪያው ስም የሚያገኘው ጌታው ሲሞት ነው። ሦስተኛው ምንጭ በየወረዳውና በየአውራጃው ፍርድ ቤት የተሰማው የርስት ሙግት ነው። ተከሳሽና ከሳሽ ሐረጋቸውን ቆጥረው፣ አንዱ የሌላውን «ተቆርጧል» ብለው ሲሟገቱ፣ በኩራት የማይነገር ብዙ ነገር በክርክር ይወጣል። «ቅድመ አያቱ ባለ ርስት ሳይሆን ገብር ነበር» የሚል ስድብ ለሐያሲ ስድብ አይደለም፤ መረጃ ነው።

ርስት የሕዝቡን ልብ ምን ያህል እንደያዘ ለማወቅ የ1960ውን የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ማስታወስ ይበቃል። በእርሻ ገቢ ላይ የተጣለው ግብር ለመሬት ልኬታ፣ ልኬታውም ለርስት መነጠቅ መንገድ ይከፍታል ብሎ የፈራው ገበሬ በዳሞት፣ በሞጣና በብቸና መሣሪያ አንሥቷል። መንግሥት በአውሮፕላን ጭምር ቢደበድብም በመጨረሻ ከአቋሙ ለማፈግፈግ ተገድዷል። በየካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሐረግ የመሬት ቁልፍ መሆኑ አበቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸማኔውም፣ ቀጥቃጩም፣ ነፃ የወጣው ሰው ልጅም አቅኚ አባት ሳይጠራ መሬት ሊጠይቅ የሚችልበት ሕግ ቆመ። የልማዱ ንቀት ከአዋጁ ጋር በአንድ ሌሊት አልሞተም፤ ሕጋዊ ጥርሱ ግን ወልቋል።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይከርራል። ለሙግት የተሠራ ጽሑፍ ሙግቱ ከቀረ በኋላ ለምን ያገለግላል? መልሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም በዘመናችን በተግባር እየታዩ ነው። አንደኛው መልስ ሐረጉን ከመሬት ነቅሎ ለዘር ኩራት ማዋል ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ብሂል በዚህ እጅ ሲገባ፣ የትውልድ መጽሐፍ እገሌ ጥሩ ደም፣ እገሌ መጤ የሚል ማኅተም ይሆናል። ርስት የቀማው እጅ ባይኖርም ሰው የሚለይ እጅ ይተካል። ይህ አነባበብ አደገኛ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ የሚያፈርሰው አነባበብ ነው። ጎጃምን በሙሉ የቆጠረው ሰው የዋቅጅራ ልጅ ነው። ዳሞት ከወንዝ ማዶ የመጣ ስም ነው። ጋፋቱ ቋንቋውን ለውጦ ጎጃሜ ሆኗል። ከዓባይ እስከ ዓባይ ያለውን ሕዝብ ለመለየት መጽሐፉን የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ደራሲውን ከሽፋኑ መፋቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው መልስ ሐረጉን የኅብረተሰብ ታሪክ አድርጎ ማንበብ ነው። ማን ከማን ተጋባ፣ ማን ወዴት ፈለሰ፣ የትኛው ቤት በየትኛው ዘመን ከበረ፣ የትኛው ጠፋ ብሎ መጠየቅ ነው። እንዲህ ሲነበብ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ሥራ ድክመቱም ጥንካሬውም ይለያል። ጥንካሬው ስፋቱ፣ የአገሬውን የቃል ትውፊት በአገሬው ቋንቋ መያዙ፣ ከቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ወጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ መውረዱ ነው። ድክመቱ የዘመኑ ድክመት ነው፤ ባለ ርስቱን የሰው መለኪያ አድርጎ ስለ ተነሣ ርስት የሌለው ሰው በገጹ ላይ ማረፊያ አያገኝም። «በሙሉ» የሚለው ቃል የተሸከመውን ዕዳ መጽሐፉ ብቻውን አልከፈለም። ሊከፍልም አይችልም ነበር፤ ዕዳው የአንድ ደራሲ ሳይሆን የሥርዓት ዕዳ ነውና።

ዕዳውን ለመክፈል የሚቀረው ሥራ በመምህራን፣ በከያንያንና በባህል ሠራተኞች እጅ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በሽንዲ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን ሰባት ቤት እንዲቆጥሩ ሲጠይቅ፣ የእናቶችን ስም ከአባቶች እኩል እንዲጽፉ ቢያዝዝ ልማዱ የሸፈነው ግማሽ ሐረግ ይገለጣል። ሐረጉ የሚቆምበትንም ስፍራ እንዲያከብሩ ቢያስተምር፣ ቅድመ አያቱን መጥራት ያልቻለ ልጅ በክፍሉ ፊት አያፍርም፤ ዝምታው ራሱ ታሪክ መሆኑን ያውቃል። የባህል ሠራተኛው የደብሩን መጽሐፍ ኅዳግ፣ የአረጋዊውን ቃል፣ የሙግቱን ፋይል ከመጥፋታቸው በፊት ሲመዘግብ የባለ ርስቱን ብቻ ሳይሆን የሸክላ ሠሪዋን ቤትም ማንኳኳት አለበት። ሰብሳቢው ሐረጉን ያልተጠየቀ ሰው ከሁለተኛው መዝገብም ይቀራል፤ ያኔ ጥፋቱ የጥንት ሥርዓት ነው ብሎ ማመካኘት አይቻልም።

ተውኔት ጸሐፊውና ገጣሚው ደግሞ ከሁሉም የከበደ ኃላፊነት አለባቸው። በኑዛዜ መጨረሻ መስመር ላይ ስሟ አንድ ጊዜ ተጠርቶ የጠፋችው ሴት፣ በሙግት መካከል «አባት የለህም» የተባለው ሰው፣ በሲራራው መንገድ ላይ የቀረው ልጅ፣ ገና መድረክ ላይ አልወጡም። እነዚህን ሰዎች ወደ መድረክ ማውጣት ማለት የሐሰት ሐረግ መፍጠር ማለት አይደለም። ሰነዱ በሚያውቀው ልክ እውነቱን ጠብቆ፣ ሰነዱ ዝም ባለበት ስፍራ ዝምታው እንዲሰማ ማድረግ ማለት ነው። ለባለ ርስት የተገነባው የስም ምት፣ «እገሌ እገሌን ወለደ» የሚለው አወራረድ፣ ስም ላጣው ሰው ሲውል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ የአማርኛ ግጥም ገና ሊሞክረው ይገባል።

«የጎጃም ትውልድ በሙሉ» ስለዚህ በየትምህርት ቤቱና በየባህል ማእከሉ ቤተ መጻሕፍት ሊገኝ የሚገባው መጽሐፍ ነው። ሲነበብም ከሁለት ጥያቄ ጋር ይነበብ፤ እዚህ ላይ የተጻፈው ማን ነው? ከዚህ የቀረውስ ማን ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ አለቃው በብዙ ድካም መልሰዋል። ሁለተኛው የዛሬ ትውልድ የቤት ሥራ ነው።